ተቀበል፣ ሳክስፎን!

በዚህች አገር አጃቢ ሞልቷል። ባለሥልጣን ሲንቀሳቀስ አጃቢ አለው፤ ሹመኛ ስብሰባ ሲጠራ የሚያጨበጭብለት አጃቢ አለው፤ ሙሽራ እንኳ ያለ አጃቢ ከቤት አይወጣም። የቀረን ሳክስፎን ነበር፣ እሱንም የግጥም አጃቢ አድርገን አረፍነው! እኔ ዛሬ ጥብቅና የምቆመው ለዚህ ለተበደለ መሣሪያ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2000ዎቹ አዲስ አበባ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ተጀመረ። እነ ምሕረት ከበደ፣ አበባው መላኩ፣ ደምሰው መርሻና ምሥራቅ ተረፈ ያሉበት ጦቢያ ግጥምን በጃዝ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ራስ ሆቴል ሕዝብ ይሰበስብ ጀመር። ከፒያሳ ቸርችልን ቁልቁል ተንደርድሮ እዚያ የሚገባው ወጣት ገንዘቡን ከፍሎ ግጥም ሊሰማ ነው። ግጥም! ለኳስ ካልሆነ ማን ይሰለፋል ሲባል በኖረበት ከተማ! ለጀማሪዎቹ እጅ ነሥቻለሁ።

ጉዱ የመጣው ኋላ ነው። ነገሩ ሲወደድ ተባዛ። በየሆቴሉና በየአዳራሹ «ግጥም በጃዝ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት ገብቼ ያየሁትን ላውጋችሁ። ገጣሚው ወረቀቱን ዘርግቶ ያነባል፤ ከኋላው ኪቦርድና ሳክስፎን አንድ የታወቀ ዜማ ለስለስ አድርገው ይጫወታሉ። ስለ ረሀብ ሲነበብ ያው ዜማ፣ ስለ ፍቅር ሲነበብም ያው ዜማ። ሳክስፎን የያዘው ልጅ አንድ ጊዜ ሞቅ ብሎት ድምፁን ከፍ ቢያደርግ፣ ገጣሚው ዘወር ብሎ በዓይኑ ገሠጸው። ልጁም አንገቱን ደፋ። ኧረ ለመሆኑ ይሄ ጃዝ ነው?

ወገኖቼ፣ የዚህ መድኃኒቱ እዚሁ አራዳ ነበር። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ የነኩ ሰው ናቸው። ከዚያ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ገብተው ሳክስፎን ያዙ፤ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወቱ። ሰውየው ምን አደረጉ? ሽለላን ከፎካሪው አፍ ወስደው ለሳክስፎን ሰጡት! ሽለላና ፉከራ እኮ ግጥም ነው። ጋሽ ጌታቸው ቃሉን ትተው እልሁን፣ ትንፋሹን፣ ጉሮሮ የሚሰነጥቀውን ጩኸት ያዙ። ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ሲወጡ መሣሪያው ራሱ ፎካሪ ሆነ።

ይሄ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። አሜሪካዊው ኦርኔት ኮልማን «ፍሪ ጃዝ» የሚለውን ሸክላ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ፍሪ ጃዝ ማለት፣ ለማያውቀው ላስረዳ፣ ተጫዋቾቹ አስቀድሞ በተወሰነ ምትና ስልት ሳይታሰሩ፣ እርስ በርስ እየተደማመጡ እዚያው በዚያው የሚፈጥሩት ሙዚቃ ነው። አንዱ ከሌላው ቀዳ አልልም። ሁለቱም ከየአገራቸው ጩኸት ተነሥተው አንድ መንደር ደረሱ። ለዚህ ነው ዘ ኤክስ የሚባሉት የኔዘርላንድ ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ2004 ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም የጋበዟቸው፤ በ2006 ደግሞ «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ። ትምህርታቸውን ግን እኛ ገና አልጀመርነውም።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ከታዳሚው አንዱ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ስንኙ ሲሰጥ ማሲንቆው ዝቅ ይላል፤ ስንኙ ሲያልቅ ይነሣል፣ ያሾፋል፣ ያለቅሳል፣ ወርቁ የት እንዳለ ይጠቁማል። እዚያ ቤት ሰጪና ተቀባይ እንጂ አጃቢ የሚባል የለም።

«ቃሉ ይዋጣል፤ ሕዝቡ የመጣው ግጥሙን ሊሰማ ነው» የሚሉኝ አሉ። ሥጋቱ ይገባኛል። ከበሮና ሳክስፎን ባንድ ላይ ሲያብዱ ግጥሙን ማን ይሰማዋል? ግን ያኔ ሊሮይ ጆንስ ይባል የነበረው ገጣሚ አሚሪ ባራካ እ.ኤ.አ. በ1964 ከኒውዮርክ አርት ኳርቴት ጋር ያስቀረጸውን የሰማ ሰው መልሱን ያገኛል። እሱ ድምፁን ሳያነሣ ያነባል፤ ሙዚቃው ከሥሩ ይብላላል። አንዲት ቃል አልጠፋችም። ነጻ የሆነ ተጫዋች ዝም ማለትንም ያውቅበታላ! እንዲያውም የማያዳምጠው አጃቢው ነው፤ ምን ቢነበብ ያንኑ ዜማውን ይቀጥላል።

ደግሞስ የእኛ ገጣሚ ነጻነትን ከየት አገኘው? ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያሳትም «ይሄ ደግሞ የምን ግጥም ነው?» ተብሎ ስንት ቀለም ፈሰሰ! ቤት ከመምታት ግዴታ ለመላቀቅ ያን ያህል ሙግት ጠይቋል። ታዲያ ገጣሚ ለራሱ የተሟገተለትን ነጻነት ለሳክስፎኑ የሚነፍገው በምን ሒሳብ ነው?

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ግጥሙ ለሙዚቀኞቹ ቀደም ብሎ ይድረሳቸው፤ አብረው ይለማመዱት። አንዳንድ ምሽት ሙዚቀኞቹ ይጀምሩና ገጣሚው ይከተላቸው። ማስታወቂያው ላይም የገጣሚዎቹ ስም በትልልቁ ተጽፎ የተጫዋቾቹ «ከባንድ ጋር» ተብሎ አይታለፍ። ስም አላቸው፤ እናት ያወጣችላቸው።

ይሄ ሁሉ ግን ቤት ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው የሚያሳዝነው። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት በላው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ስም እነ ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፤ እሰየው! ነገር ግን ሳክስፎንና ግጥም ተሳስተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው የሚማማሩት ኪራዩ በሚቻል ጠባብ ቤት ነው። ባማረ አስፋልት ላይ ቆሞ «ተቀበል!» ቢሉ ማን ይቀበላል?

ጋሽ ጌታቸውን ሳክስፎን ያስያዛቸው እኮ ማዘጋጃ ቤት ነበር! የከተማው ባንድ! የዛሬዎቹ አስተዳዳሪዎች ለአበባና ለፏፏቴ ቦታ አላጡም። ለአንድ ትንሽ መድረክ፣ አስፈቃጅና አጨብጫቢ ለማይጠየቅበት አንድ ክፍል ቦታ ጠበበ? ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ግጥምና ዜማ ይዞ የኖረው ሀገር ፍቅርም በወር አንድ ምሽት ለዚህ ሙከራ ቢሰጥ ስሙን ያስጠራል እንጂ አይጎዳም።

እስከዚያው ገጣሚዎቻችን ወረቀታቸውን ዝቅ አድርገው ወደኋላ ዘወር ይበሉ። ለመገሠጽ ሳይሆን ለመስማት። ከኋላቸው የቆመው ልጅ የሚለው ነገር አለው።