ኅዳር የት ገባ?

የኮምፒውተር ነገር የገባቸው ወዳጆቻችን አንድ ምክር አላቸው። በጽሑፍ ማዘጋጃው ጎን የተገተረውን የፋይሎች ዝርዝር ዝጉት ይሉናል። ቦታ ይይዛል፣ ዓይን ይሰርቃል። ቪ ኤስ ኮድ ላይ ኮንትሮልና ፒን ተጭኖ ከስሙ ሁለት ሦስት ፊደል መጻፍ እያለ ማን በማውዝ ሲለቅም ይውላል?

ምክሩ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ጥሩ ነው። በአማርኛ ለምንጽፍ ግን አያዋጣም ባይ ነን።

ፍለጋው ፊደል እንጂ ድምፅ አያውቅም። «ሀዋሳ» ብለን ስንፈልግ «ሐዋሳ» ተብሎ የተቀመጠው ቃለ መጠይቅ አይመጣም። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ ባዕዳን ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ነው የገቡት። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንደዚያው።

አንድ ፎልደር ለአራት ለአምስት ሆኖ ሲጋሩት ጣጣው ይብሳል። «የለም» የተባለው ፋይል እንደገና ይጻፋል። አንዱ ቅጂ ላይ የታረመው ስህተት በሌላው ቅጂ በኩል ይወጣል። ይህ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የተሳሳተው የሰው ስም፣ የሰው ቃል ሊሆን ይችላል።

በላቲን ፊደል ሰይሙት የሚሉም አሉ። እስቲ «ጽጌ»ን በላቲን ጻፉና ጓደኛችሁ ከጻፈው ጋር አስተያዩት!

ዝርዝሩን ክፍት ስናደርገው ግን ያለን ሁሉ ፊት ለፊታችን ይሰለፋል። ዓይን ደግሞ ቸር ነው፤ ሀም ሆነ ሐ ሐዋሳን ያውቃታል። ቪ ኤስ ኮድ ላይ ፋይሉን አንዴ ጠቅ ስናደርገው ለማየት ያህል ይከፈታል፤ ሁለቴ ጠቅ ስናደርገው ይቆያል። የትኛው ቅጂ እንደሆነ ለመለየት ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

ዝርዝሩም ቢሆን እርዳታ ይፈልጋል። ፋይሎችን በወር ስም ብንሰይማቸው የሚሰለፉት በሀ ሁ ነው። ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፤ ጥር ከጥቅምት በላይ ይቀመጣል። «ኅዳር» ከታኅሣሥ በታች ይወርዳል፤ «ህዳር» ተብሎ ከተጻፈ ግን ዘሎ ሐምሌን ይቀድማል። አንድ ወር፣ ሁለት አድራሻ!

መፍትሔው ቀላል ነው። ከስሙ በፊት ቁጥር እናስቀድም፦ 01 መስከረም፣ 02 ጥቅምት፣ እስከ 13 ጳጉሜን። አብረን የምንሠራ ሰዎች በአንድ አጻጻፍ እንስማማ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የእውነት የመጨረሻ» የሚባሉትን ስሞች ደግሞ ተወት እናድርጋቸው፤ በምትካቸው ቀን ይጻፍ።

ፊደል ይቀነስ አይቀነስ የሚለው ክርክር ከዕድሜያችን ይበልጣል፤ እሱ እስኪቋጭ ፋይሎቻችን ሲጠፉ መኖር የለባቸውም። ዝርዝሩን አትዝጉት።