ሁለት ዲስክ ያላት ሳጥን

በአንዳንድ ቤቶች ከኢንተርኔቱ ራውተር አጠገብ አንዲት ጥቁር ሳጥን ትታያለች። ልጆቹ "ናስ" ይሏታል፤ ዕቃ ከሚሠራበት ናስ ጋር ግን ዝምድና የላትም። የሠርጉ ቪዲዮ፣ የሲግድ ፎቶ፣ ከድሮ ካሴት የተገለበጠው የአያቶች ድምፅ እሷ ውስጥ ነው። ልጆቹ አግብተው ወጡ፤ ሳጥኗ እናንተ ጋ ቀረች። እንግዲህ ጠባቂዋ እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

ውስጧ ብዙ ጊዜ ሁለት ሃርድ ዲስክ አለ። እያንዳንዱ 4 ቴራባይት ከሆነ "ታዲያ 8 መሆን ሲገባው ለምን 4 እንኳ አይሞላም?" ትሉ ይሆናል። ማንም አላታለላችሁም። በአንደኛው ላይ የሚጻፈው ሁሉ ወዲያው በሁለተኛውም ላይ ይጻፋል፤ ባለሙያዎች "ሬይድ 1" ይሉታል። ከሁለቱ የሚወጣው፣ ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ቮልዩም ይባላል።

ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዲስክ ሲሞት ሳጥኗ ትጮኻለች፣ ወይም መብራቷ ቀለሙን ይለውጣል፤ ፎቶዎቹ ግን እንደ ወትሮው ይከፈታሉ። ጩኸቱን አጥፍቶ መተኛት ያምራል። እባካችሁ አትተኙ! ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የያዛችሁት አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ልጃችሁን ጥሩና የሞተው የትኛው እንደሆነ፣ 1 ይሁን 2፣ በኮምፒውተር ገብቶ ያረጋግጥ። ጤነኛውን በስህተት መንቀል ከብልሽቱ ይብሳል። አዲሱ ዲስክ መጠኑ ከቀድሞው ያላነሰ ይሁን። ከገባ በኋላ የሚመረጠው ጥገናው ነው፣ በእንግሊዝኛው "ሪፔር" የሚለው፤ አዲስ ቮልዩም ፍጠር የሚለውን አትንኩ። ቅጂው ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ዓርብ ከሰንበት በፊት አታስጀምሩት፤ መሐል ላይ ቢቆም የሚያየው አይኖርም።

ደግሞ አንድ ነገር። የልጅ ልጃችሁ በጨዋታ የሠርጉን ፎልደር ቢያጠፋው ከሁለቱም ዲስክ በአንዴ ይጠፋል። ሌባ ሳጥኗን ቢወስድ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። እኔ ሁለቱን ዲስክ እንደ አንድ ነው የምቆጥራቸው። ያረፉት ሽማግሌ ዳግመኛ አይናገሩልንምና፣ ሌላ ቅጂ በውጭ ዲስክ አስገልብጡና ሌላ ከተማ ያለችው ልጃችሁ ቤት ይቀመጥ። በየፋሲካው ስትገናኙ አዲሱ ይጨመርበት።

የይለፍ ቃሉንስ ማን ያውቀዋል? ልጁ ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ደውሉለትና በወረቀት ጽፎ ይስጣችሁ።