ሚውቴሽን ያለበት ወተት ጠጪው ነው

ጅማ፣ ሄርማታ ካሉት ቡና ቤቶች ባንዱ አራት ሰው ቢቀመጥ ሦስቱ ማኪያቶ ያዛሉ፤ አንዱ «ለእኔ ያለ ወተት፣ ሆዴን ይነፋኛል» ይላል። ሦስቱ እንደ በሽተኛ ያዩታል። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝና ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም።

የወተትን ስኳር የሚፈጨውን ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሕፃናት ያመርታሉ። ጡት ከተዉ በኋላ ግን በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ደንቡም ይኸው ነው። አድጎም እንደ ልቡ የሚጠጣው ነው ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ያለበት። ለውጡ ደግሞ ያለው በላክቴዝ ጂን ላይ ሳይሆን 14 ሺህ ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ርቆ፣ ሌላ ጂን መሀል ነው። እዚያ ያለችው ቁራጭ ኢንሃንሰር ትባላለች። ራሷ ፕሮቲን አትሠራም፤ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የሌላውን ጂን ሥራ ከፍ ታደርጋለች።

የኢንሃንሰርን ሥራ ለማወቅ ተመራማሪዎች አይጥ ላይ ቆርጠው ያወጧታል። እ.አ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የሰው ልብ ኢንሃንሰር ሊሆኑ የሚችሉ ከ80 ሺህ በላይ ቁራጮችን መዘገበ። የሁለቱን አቻ ከአይጥ ሲያስወግድ፣ ጂኖቹ ራሳቸው ሳይነኩ፣ የአይጦቹ ልብ የሕመም ምልክት አሳየ።

ሰው ላይ እንዲህ አይሞከርም። እኛ ዘንድ ግን ተፈጥሮ ሞክራዋለች። አውሮፓውያንን ወተት ጠጪ ያደረገው አንድ ዓይነት ለውጥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ የተሳተፉበት፣ እ.አ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከ350 በላይ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ በዚያችው የላክቴዝ ኢንሃንሰር ላይ በርካታ ለውጦችን፣ ያውም በተለያዩ ብሔረሰቦች ተሰራጭተው፣ አገኘ።

ክፍል ውስጥ ሚውቴሽን ስናስተምር ግን የምንጠራው አልቢኒዝምንና የቀይ ደም ሴል መጣመምን ነው። ተማሪው ሚውቴሽን ማለት በሽታ ነው ብሎ ቢወጣ ምን ይፈረድበታል? የመማሪያ መጽሐፉ ሲታረም ላክቴዝ ይግባበት፤ የእኛው ሰው የተመረመረበት ምሳሌ እያለ ሌላ ፍለጋ ለምን? ምርመራውም ቢሆን ከባድ አይደለም፤ የወተት ስኳር ጠጥቶ ከትንፋሽ ሃይድሮጂን መለካት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠርቶ ቢያሳይ ደስ ይለኛል። «ልጅህን ወተት አጠጣ» የሚሉ የጤና ባለሙያዎችም እርጎን አብረው ይጥሩ፤ ከስኳሩ ከፊሉን ባክቴሪያው አስቀድሞ በልቶታል።