ጳጉሜን የማያውቅ ሲስተም

"ሠራተኛው ቴክኖሎጂ ይፈራል" የምትሉ አለቆች፣ እባካችሁ ተዉን! የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ መሃሉ ላይ ጳጉሜን አለች። ከውጭ እንዳለ ገዝታችሁ የምታመጡት ሲስተም ግን ጃንዋሪ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ደግሞ "የቤተሰብ ስም" ካልሞላችሁ አላሳልፍም ይላል። እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው እኮ! ታዲያ ሒሳብ ሠራተኛዋ ምን ታድርግ? አንዴ በሲስተሙ፣ አንዴ በኤክሴል፣ ያንኑ ሥራ ሁለቴ ትሠራለች። ከዚያ ሰነፍ ትባላለች።

አይቤክስን አስታውሱ፤ የኛን የበጀት አሠራር ይዞ ስለተሠራ ነው ወረዳ ድረስ የወረደው።

ከፔዳ የተመረቃችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ነገ ግዥ ኮሚቴ ውስጥ ስትገቡ ሻጩን በፓወርፖይንት አታስፎክሩት። ገንዘብ ያዥዋ ፊት ይቀመጥና የጳጉሜን 3 ደረሰኝ ሠርቶ ያሳያት። ካቃተው አትፈርሙ።