የታመመ ክርን በልክ ይሥራ

ከፈረስ ቤት ደጋ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ድረስ የጎጃም ገበሬ ቤተ ሰቡን የሚያድረው በክንዱ ነው። ገብሱን በማጭድ ያጭዳል፤ ባሕር ዛፉን በምሣር ይቈርጣል፤ በቆሎውን በእጁ ይፈለፍላል። ታዲያ የክርኑ ውጭ ጎን መጠዝጠዝ ሲጀምር፥ እንኳን ምሣር ዋንጫ ማንሣትም ይቸግረዋል። የእንግሊዝ ሐኪሞች ይህን ሕመም በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቴኒስ ስም ጠሩት። ስሙ የተጫዋች ይሁን እንጂ ሕመሙ የሠራተኛ ነው።

በአገር ቤት የሚሰጠው ምክር ከሁለት አያልፍም፤ አንደኛው «እጅህን አሳርፈው»፥ ሁለተኛው «ወጌሻ ያሽህ» ነው። በበኩሌ ሁለቱም አይበቁም እላለሁ። የታመመው ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ነው። ጅማት ከዐቅሙ በላይ ሲጎተት ይጎዳል፤ ጨርሶ ሥራ ሲፈታም ይደክማል፤ የሚጠነክረው በልክ ሲሠራ ነው።

መርፌስ? በአውስትራሊያ በ198 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ የኮርቲዞን መርፌ የተወጉት በስድስተኛው ሳምንት ቢሻላቸውም ብዙዎቹን መልሶ አገረሸባቸው፤ ዓመቱ ሲሞላም በእጅ ሕክምናና በእንቅስቃሴ ከታከሙት አነሱ።

እንቅስቃሴው ገንዘብ አይጠይቅም። ክንድን መደብ ላይ አጋድሞ፥ መዳፍን ወደ ታች አዙሮ፥ የእጅን አንጓ ከጠርዙ ማሳለፍ ነው። በመጀመሪያ ግማሽ ሊትር ውሃ ያለበት ኮዳ ይዞ፥ አንጓን ሳያንቀሳቅሱ 30 ሴኮንድ መቈየት፤ ይህን 5 ጊዜ መደጋገም። ይህ ሲለመድ፥ ኮዳውን በደኅናው እጅ እያገዙ ማንሣትና በታመመው እጅ ብቻ እስከ 4 እየቈጠሩ ቀስ ብሎ ማውረድ፤ 10 ጊዜ፥ 3 ዙር። ውሃውንም እያደር ወደ አንድ ሊትር ማድረስ። መጠነኛ ሕመም አያስፈራም፤ በማግሥቱ ከባሰ ግን ውሃውን መቀነስ ነው። ክርኑ ካበጠና ከጋለ፥ ጣት ከደነዘዘ፥ ወይም ሕመሙ በመውደቅ የመጣ ከሆነ ግን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

«ገበሬ ለዚህ ጊዜ የት አለው?» የሚል ይኖራል። ማታ ከእሳት ዳር ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ሥራው ግን የወራት ትዕግሥት ይሻል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በዓመት በራሱም ይለቃል፤ ዳሩ ግን አዝመራ ዓመት አይጠብቅም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ይህን ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን በእጃችን እናሳያቸው። መደቡም ውሃውም ከቤት አለ፤ የጐደለው የሚያሳይ ሰው ነው።