ምድጃው ዳር የተቀመጡት

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳችሁ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ የለበሳችሁትን ሹራብ ገና ደረጃው ላይ ሳላችሁ ማውለቅ ትጀምራላችሁ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ተነስታችሁ፣ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ወደሆነ ሜዳ ወርዳችኋልና አትደነቁ።

እኔና የ13 ዓመቷ ልጄ ለገና ወንድሜን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ከሙቀቱ ቀጥሎ የተቀበለን አንድ ጥያቄ ነበር። ዕቃችንን ስንረከብ አንድ ሠራተኛ በስፖንጅ ተጠቅልሎ በእንጨት ሣጥን የታሸገውን ክብ ነገር አየና «ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«መስታወት» አልኩት።

«መስታወት ከአዲስ አበባ? ጋምቤላ መስታወት የለም ያላችሁ ማነው?» ብሎ ሳቀ።

ልጄ ቀደም ብላ «ፊት ማያ አይደለም፤ ጋላክሲ ማያ ነው» አለችው።

ሣጥኑን አየት፣ እሷን አየት አደረገና «በሉ፣ ያያችሁትን ስትመለሱ ትነግሩኛላችሁ» ብሎ አሳለፈን።

ወንድሜ ለሥራ ጋምቤላ ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል። ማታ ማታ ሙቀቱን ሽሽት ደጅ ሲቀመጥ ሰማይ አየ፤ አይቶም አልቀረ፣ ተለከፈ። ቴሌስኮፕ ሊሠራ ወሰነ። ዋናው አካል 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ነው፤ እሱን ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን አንድ ጊዜ የተሠራበት ገዝቶ ላከው። የቀረውን ማለትም ቱቦውንና የሚቆምበትን ሣጥን አልጋና በር የሚሠራ የሠፈሩ አናጺ ከጣውላ ሠራው።

ይህ አሠራር የተለመደ ነው። ጆን ዶብሰን የሚባል አሜሪካዊ መነኩሴ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ከጣውላና ከወዳደቀ ዕቃ ትልልቅ ቴሌስኮፖች እየሠራ፣ አስፋልት ዳር አቁሞ መንገደኛውን «ኑ፣ እዩ» ይል ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በፍቅር ብቻ ሰማይ የሚመለከቱ ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ትልልቅ ቴሌስኮፖች በብዛት የተሠሩት በእሱ ስልት ነው። ስማቸውም «ዶብሶኒያን» ነው።

ትልቅ መስታወት ለምን ያስፈልጋል? ዝናብ ሲጥል ደጃፋችሁ ላይ አንድ ብርጭቆና አንድ ትልቅ ሳፋ አስቀምጡ። የሚዘንበው ዝናብ አንድ ነው፤ የሚጠራቀመው ግን በአፉ ስፋት ይለያያል። ጨለማ ውስጥ በደንብ የተከፈተ የዓይናችን ብሌን ስፋት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር መስታወት ከእሱ 1,800 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ደብዛዛ ነገር ለማየት ከማጉላት በፊት ብርሃን መሰብሰብ ይቀድማል።

እኛ ልናይ ያሰብነው ደግሞ ከደብዛዛም ደብዛዛውን ነው፤ የጋላክሲዎችን መንደር። በደቡብ በኩል «ፎርናክስ» የሚባል የኮከብ ስብስብ አለ። ስሙን ያወጣለት በ1750ዎቹ የደቡቡን ሰማይ ለማጥናት ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ፈረንሳዊው ላካይ ነው። ትርጉሙ «ምድጃ» ማለት ነው። እዚያ አቅጣጫ፣ ከእኛ ከ60 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቀው፣ በስበት ተሳስበው አብረው የሚኖሩ በርካታ ጋላክሲዎች አሉ። በገና ሰሞን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ምድጃው በደቡብ ሰማይ አጋማሽ ላይ ይደርሳል። ለንደን ያለ ሰው ይህን መንደር ሊያይ ቢሞክር አድማሱን ታክኮ ስለሚያልፍ አይሳካለትም። ለእኛ ግን ምቹ ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ግን ምንም አላየንም።

ጨረቃ አልነበረችም፤ ደመናም የለም። ልጄ ዓይኗን ሌንሱ ላይ ጥዳ ቆየችና «ባዶ ነው» አለች። እኔም አየሁ፤ ባዶ ነው። ወንድሜ ስምንት ወር ሙሉ በስልክ ሲያወራላት የከረመውን ነገር ማሳየት አቅቶት ሲቁነጠነጥ ሳየው አንጀቴን በላው። ልጄም ስልኳን አወጣች። የስልኩ ብርሃን ፊቷ ላይ ሲበራ ምሽቱ እዚያ ላይ አበቃ።

ጥፋተኛው መስታወቱ አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ፣ የጎረቤታችን በረንዳ ላይ፣ ነጭ አምፖል ቀጥታ ወደ ዓይናችን ይበራ ነበር።

በማግስቱ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ወንድሜ እንደ ምንም ደፍሮ «እማማ፣ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል የውጭ መብራትዎን ቢያጠፉልን» አላቸው።

ሲኒውን አስቀመጡና እኔን ተመለከቱኝ። «ልጆቼን ያሳደግኩት በኩራዝ ነው። እባብ ስንት ጊዜ ከደጄ ገድያለሁ። ትንሹ ልጄ ማታ ከሥራ የሚገባው በዚያ መብራት ነው። እናንተ ጨለማ ፍለጋ በአውሮፕላን መጣችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። እናንተስ ምን ትመልሱ ነበር? እኛ ከተሜዎች «ጨለማ ቀርቶብን» ስንል የምንናፍቀው ጌጥ ነው። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊያመልጡት የታገሉት ነገር ነው። አንዲት እናት ለልጇ መግቢያ ያበራችውን መብራት ኮከብ ልይበት ብሎ ማስጠፋት ነውር ነው። ይህን የተረዳሁት እዚያች ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከልጄ ነው። «ለምን ኮፍያ አናደርግለትም?» አለች። ወንድሜ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ፈልጎ ቆረጠና አምፖሉ ላይ እንደ ባርኔጣ ደፋው። ሲመሽ መብራቱ በራ። ወደ ሰማይና ወደ እኛ ግቢ የሚረጨው ብርሃን ጠፍቶ፣ ሁሉም ደረጃውና መንገዱ ላይ ወረደ። እማማ ደረጃቸውን ሁለት ጊዜ ወጥተው ወረዱና «እንዲያውም አሁን ነው እግሬን ያየሁት» አሉ። ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ አምፖሉ ዓይን ውስጥ ሲበራ ብሌናችን ስለሚጠብ ጥላ ያለበት ቦታ ይበልጥ ይጨልምብናል። ዓይን የማይወጋ መብራት ለእግርም ይሻላል።

ሁለተኛው ምሽት ላይ ሁለት ነገር ተማርን፤ እናንተም ያዙልኝ።

አንደኛው ትዕግሥት ነው። ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በመሐል አንድ ጊዜ ስልክ ከተከፈተ እንደገና ከመጀመሪያው መቁጠር ነው። መብራት የግድ ካስፈለገ የእጅ ባትሪ ላይ ቀይ ፌስታል እሰሩበት፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ብዙም አይረብሽም።

ሁለተኛው ደግሞ ጎን ማየት ነው። ለጨለማ የተፈጠሩት የዓይናችን ሕዋሳት የሚበዙት ከመሐል ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ ደብዛዛ ነገር ላይ ካፈጠጣችሁበት ይጠፋል፤ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ ስታዩ ግን ከጥግ ብቅ ይላል። እነዚሁ ሕዋሳት ቀለም አይለዩም። በፎቶ የምታዩትን ሐምራዊና ሰማያዊ ጋላክሲ በሌንስ አትጠብቁ። የምታዩት ግራጫ ነው፤ ብርድ ላይ መስታወት ላይ እፍ ስትሉ የሚቀረውን ጉም የመሰለ።

ልጄ ስልኳን ቤት ትታ ወጣች። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ዓይኗን ሌንሱ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘመ።

«እማዬ፣ ሁለት ናቸው» አለች በሹክሹክታ። «ጎን ለጎን። ክብ ናቸው። ቆይ፤ ሦስተኛም አለ። አራት።»

ሰባት ቆጠረች። እኔ አምስት ላይ ቀረሁ። እያንዳንዷ የጉም ጠብታ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ፀሐዮች ያሉባት ዓለም ናት። ወደ ዓይኔ የገባው ብርሃን ጉዞውን ሲጀምር ሰው የሚባል ፍጡር አልነበረም፤ ዳይኖሰሮች ከምድር የጠፉበት ዘመን አካባቢ ነበር። ድንቅነሽ እንኳ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ያ ብርሃን በዚያን ጊዜ ጉዞው ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ነበር።

እማማም መጡ። ልጄ ወንበር አቀረበችላቸውና «ቀጥታ አይዩት፤ ትንሽ ወደ ጎን» ብላ እንደ አስተማሪ አስረዳቻቸው። ብዙ ቆዩ። ተስፋ ቆርጠው ሊነሱ ነው ስል «አሃ!» አሉ።

«እነዚህ ጎረቤታሞች ናቸው?»

«አዎ፣ አንድ ላይ ነው የሚኖሩት። ምድጃ ይባላል ሠፈራቸው» አለች ልጄ።

«በይ እንግዲህ፤ የእነሱ መብራት እዚህ ድረስ ሲመጣ ዝም ትላላችሁ፣ የኔን ግን አጥፊ ትሉኛላችሁ።»

ሳቃችን የሠፈሩን ውሻ ሁሉ አስነሳው።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልምጣ። ይህን ለማየት ሁላችሁም ጋምቤላ ሂዱ፣ ሁላችሁም መስታወት ግዙ አልልም። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት አላቸው፤ ከታች ያለችው ከተማ ግን በየዓመቱ ይበልጥ ትበራለች። ትልቅ መስታወት ብቻውን አይበቃም። የበረንዳችሁና የግቢያችሁ መብራት ወዴት እንደሚበራ ዛሬ ማታ ወጥታችሁ እዩ። ወደ ሰማይና ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት የሚረጨው ብርሃን እናንተ የምትከፍሉበት፣ ማንም የማይጠቀምበት ብርሃን ነው። ኮፍያ አድርጉለት።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ ከከተማ የምትወጡበት አጋጣሚ ካለ፣ ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ምረጡና ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ያለ ምንም መሣሪያ፣ እንደ ትንሽ የጉም ቁራጭ ይታያል። ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። በጥንት ግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት፤ አባትም እናትም እዚያው አጠገቧ በኮከብ ስብስብ ተሰይመዋል። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከዛሬዋ የሰፋ አገር ማለታቸው ቢሆንም፣ ለልጆቻችሁ ጥሩ የምሽት ወግ ይሆናል።

ጋምቤላ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቁ። ወባ አለና ማታ እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና አጎበር አይለያችሁ። ደረቁ ወቅት እየገፋ ሲሄድ አቧራና የሣር ቃጠሎ ጭስ አድማሱን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ቀደም ያለው ጊዜ ይሻላል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ ቴሌስኮፕ ባለበት ቤት ቀን ቀን መስታወቱ ተከድኖ ይቀመጥ። በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል።

ስንመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያ ሠራተኛ አወቀን። «መስታወቱስ?» አለ።

«እዚሁ ቀረ» አለች ልጄ።

«አያችሁ?»

ሰባቱን በጣቶቿ አሳየችው። ከዚያ ሠፈሩ የት እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። «ከወንድምየው ቤት ብዙ አይርቅም» አለችኝና ወደ እሱ ዞራ የአጎቷን ስልክ ቁጥር ጻፈችለት። ከሥሩም አንድ መስመር ጨመረች፦ «ሲመጡ ስልክዎን ቤት ይተዉት።»