ማደር መብት ይሆናልን? ስለ ወረፋ ፍትሐዊነት የቀረበ ትችት

ዕቃው ጥቂት ፈላጊው ብዙ በሆነበት ቦታ ሁሉ «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል» የሚለው ደንብ ማስረጃ የማያሻው እውነት ተደርጎ ይወሰዳል። የሚከፋፈለው የቴአትር ትኬትም ይሁን የስንዴ ራሽን፣ በር ላይ ያደረ ሰው ለድካሙ ካሣ ሊያገኝ ይገባዋል፣ አርፍዶ የመጣውም ሊወቅስ የሚችለው ራሱን ብቻ ነው የሚለው ፍርድ በሰፊው ተቀባይነት አለው። «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው ብሂልም ለዚሁ ፍርድ ድጋፍ ሆኖ ይጠቀሳል። ሆኖም ትዕግሥትን ማመስገን አንድ ነገር ነው፤ በትዕግሥት ርዝመት መብትን መስፈር ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው ወረፋን፣ ማለትም በመምጫ ቅደም ተከተል የሚደረግን መስተንግዶ፣ ከማስተናበሪያ ዘዴነት አውጥቶ የፍትሕ ሚዛን ያደርገዋል። በጋምቤላ ክልል እንደሚገኘው እንደ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ባለ ቦታ ላይ ሲታይ ሚዛኑ ምን ያህል የተዛባ እንደሆነ በግልጽ ይወጣል።

ወረፋ ፍትሐዊ መስሎ የሚታየው ገንዘብን ከበሩ መልሶ ያስቀረ ስለሚመስል ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ዮራም ባርዜል እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት «በመጠበቅ የሚደረግ ድልደላ» ሊባል የሚችለውን አሠራር ሲመረምር እንዳሳየው ግን፣ አንድ ነገር በነፃ ወይም ከዋጋው በታች ሲቀርብ የተቀነሰው ዋጋ አይጠፋም፤ ፈላጊዎቹ በሰዓት ይከፍሉታል። ብዙ ሰዓት ለመክፈል የቻለ ያገኛል፣ ያልቻለ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚህ ዐይን ሲታይ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይ ሰልፍ ገንዘቡ ሰዓት የሆነበት ሐራጅ ነው፤ ከተራው ሐራጅ የሚለየውም የተሸናፊው ክፍያ የማይመለስለት በመሆኑ ነው። ትኬቱ አልቆ የተመለሰ ሰው ያሳለፈው ሌሊት ለማንም ሳይጠቅም ባክኖ ይቀራል።

የኒው ዮርክ ከተማ ነፃ ቴአትር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በሴንትራል ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 በተከፈተው የዴላኮርት ቴአትር የሼክስፒር ተውኔቶች ያለ ክፍያ የሚታዩት ድሃውም ሀብታሙም እኩል እንዲቀመጥ ታስቦ ነበር። ይሁንና ትኬቱ የሚገኘው በረጅም ሰልፍ በመሆኑ፣ ጊዜ የሌለው ግን ገንዘብ ያለው ሰው በሱ ፈንታ የሚሰለፍ ሰው መቅጠር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 አል ፓቺኖ የተወነበት «የቬኒሱ ነጋዴ» ሲታይ የነፃው ትኬት ንግድ ስለ ተስፋፋ በወቅቱ የኒው ዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አንድሩ ኩሞ ነፃው ትኬት በኢንተርኔት ማስታወቂያ እንዳይቸረቸር ጫና ማድረግ ግድ ሆነባቸው። ከበሩ የተባረረው ገንዘብ በሰልፉ ጫፍ በኩል ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሊዮን ማን ደግሞ በአውስትራሊያ ሜልበርን ለእግር ኳስ ጨዋታ ትኬት ሌሊቱን የሚያድሩ ሰዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1969 ግኝቱን አሳትሟል። ሰልፈኞቹ የራሳቸው ያልተጻፈ ሕግ ያላቸው፣ ለአጭር ጊዜ ወጥቶ መመለስን የሚፈቅዱ፣ ሰርጎ ገብን የሚያባርሩ ትንሽ ማኅበረሰብ መሆናቸውን ማሳየቱ ብዙ ጊዜ ይጠቀስለታል። እምብዛም የማይነገረው ግን እሱና ባልደረባው ስለ ግምት ያገኙት ነው፤ ትኬቱ ያልቃል ከሚባልበት ቦታ ወዲያ የቆሙት ሰዎች ከፊታቸው ያለውን ሕዝብ ቁጥር አሳንሰው ይገምቱ ነበር። እንግዲህ በሰልፉ ጅራት የሚያድረው ሰው ከሌላው ይልቅ የተሻለ ፍላጎት ወይም የተሻለ መብት ያለው ሳይሆን፣ በተስፋው የተታለለ ሰው ሊሆን ይችላል። አከፋፋዩም ይህን እያወቀ «አልቋል» የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው ሰዓት ካዘገየው የሰውን ተስፋ ለራሱ ምቾት ተጠቀመበት ያሰኛል።

በኢትዮጵያ ቴአትር ቤቶች ያለው ልማድ ለችግሩ መፍትሔ ጭምር ይጠቁማል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፍቶ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት አንድን ተውኔት በሳምንት በታወቀ ቀን፣ ተመልካች እስካለው ድረስ ለወራትና ለዓመታት ሲያሳዩ ኖረዋል፤ የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» በዚህ መንገድ ለረጅም ዓመታት መድረክ ላይ ቆይቷል። በደጃፍ የሚታየውን ሰልፍ የደራሲው የድል ምልክት አድርጎ ማውራት የተለመደ ቢሆንም፣ ሕዝቡን ከሌሊት ሰልፍ ያዳነው በትዕግሥቱ መመስገኑ ሳይሆን ትርኢቱ በሚቀጥለው ሳምንትም እንደሚኖር ማወቁ ነው። ዛሬ ያላገኘ ነገ እንደሚያገኝ ካመነ በር ላይ የሚያድርበት ምክንያት የለውም። በደርግ ዘመን በቀበሌ ኅብረት ሱቆች ደጃፍ ለስኳርና ለዳቦ ይታይ የነበረው ሰልፍ ግን በተቃራኒው፣ በኩፖን ላይ የሰፈረው ድርሻ ተራው ሳይደርስ ያልቃል ከሚል ስጋት የሚመነጭ ነበር። የሰልፍ እናት የሰው ጥድፊያ ሳትሆን አከፋፋዩ ቃሉን ይጠብቃል ብሎ አለማመን መሆኗን ሁለቱ ምሳሌዎች አብረው ያስረዳሉ።

ወደ ኩሌ ስንመለስ፣ ጣቢያው በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ ሲሆን፣ የተቋቋመው በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የፈነዳውን ጦርነት ሸሽተው በፓጋክና በሌሎች የድንበር መግቢያዎች በኩል የመጡትን፣ በአብዛኛው የኑዌር ተወላጅ የሆኑትን ስደተኞች ለማስጠለል ነው። ከነዋሪዎቹ እጅግ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ራሽን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በአባላቱ ቁጥር ልክ በየጊዜው የሚታደለው ምግብ፣ በተመዘገበ ስም፣ በካርድና በጣት አሻራ የሚወሰድ ድርሻ ነው። በዚህ ረገድ ከቴአትር ትኬት መሠረታዊ ልዩነት አለው። የቴአትሩ ወንበር አስቀድሞ የማንም አይደለም፤ የራሽኑ ባለቤት ግን ገና ከመጋዘን ሳይወጣ በስም ይታወቃል። የራሱን ድርሻ ለመቀበል የሚሰለፍ ሰው ከማንም ጋር መሽቀዳደም አይገባውም ነበር። ታዲያ «ቀድሞ የመጣ» የሚለው ደንብ እዚህ ሲደርስ የተመዘገበን መብት ወደ ሽልማትነት ያወርደዋል።

የሚያሽቀዳድመው የራሽኑ ጉድለት ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኢትዮጵያ ለሚገኙ ስደተኞች የሚሰጠውን ራሽን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በ40 በመቶ ቀንሶ፣ በዚያው ዓመት መገባደጃ ደግሞ ወደ ግማሽ አወረደው፤ በ2015 ዓ.ም. መገባደጃም ምግብ ከታለመለት ሰው ውጭ እየዋለ ነው በሚል ሥርጭቱ ተቋርጦ የቀጠለው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነበር። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ነገ ይደርሰኛል» ብሎ ቤቱ ቢተኛ ሞኝነቱ ለሱ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹም ይተርፋል። በማለዳ የሚረዝመው ሰልፍ በሩቅ ከተማ የተወሰነ የበጀት ቅነሳ የወለደው ሆኖ ሳለ፣ ሥርዓት የማያውቁ ሰዎች ግርግር ተደርጎ ሲቆጠርና «ሰልፍ አስተምሯቸው» ሲባል ጥፋቱ ከወሳኙ ወደ ተጎጂው ይዛወራል።

በመጠለያ ጣቢያዎች የውኃ ቦኖ ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ውኃ በሰዓት በሚለቀቅበት ቦታ ገና ሳይነጋ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው፤ አንገቱ ላይ ለመለያ ጨርቅ የታሰረበት፣ ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ በእሳት የተደፈነ ቢጫ ዕቃ በባለቤቱ ፈንታ ተራ ይይዛል። ለዐይን ከዚህ የበለጠ ሥርዓት ያለው ነገር የለም። ነገር ግን ተራው የዕቃው እንጂ የሰው ባለመሆኑ፣ አምስት ጀሪካን ያላት አምስት ጊዜ፣ አንድ ብቻ ያላት አዲስ መጤ አንድ ጊዜ ትቀዳለች። ሲጨቃጨቁም የሚከራከሩት የማን ዕቃ ፊት እንደ ነበረ ነው፤ ማን ስንት ልጅ ቤት አላት የሚለው ጥያቄ በደንቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ዕርዳታ መመዘኛ አንድ ቧንቧ ከ250 ሰው በላይ እንዳያገለግልና በውኃ ቦታ የሚደረግ ወረፋ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይላል። መመዘኛው የወረፋውን ርዝመት የመዘነው የሰልፈኛውን ጨዋነት ለመለካት ሳይሆን የአቅርቦቱን ጉድለት ለማወቅ ነው፤ ትክክለኛውም አያያዝ ይኸው ነው።

ሰዓት ለሁሉም እኩል ታድሏል የሚለው ግምትም ከኩሌ ኑሮ ጋር አይጣጣምም። ባሏ በጦርነት የቀረባት፣ የምታጠባ ሕፃን ይዛ እንጨት የምትለቅምና የምታበስል ሴት ለሌላ ሥራ የማታውለው ትርፍ ሌሊት የላትም። አካል ጉዳተኛውና አረጋዊው መሰለፍ ቢችሉ እንኳ ቆሞ ማደር አይችሉም። በደጋ አገር በር ላይ ያደረ ሰው ብርድ ይመታዋል፤ በጋምቤላ ቆላ ግን የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት በመሆኑ፣ ውጭ ያደረ ሰው አጎበሩን ትቶ ለወባ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። በጨለማ መንገድ ላይ ለሴቶችና ለልጃገረዶች ያለው የጥቃት አደጋ ሲጨመርበት፣ ወረፋ ለሁሉም አንድ ዋጋ ይጠይቃል ማለት ተራ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ብዙ የሚከፍለውን ሰው ከሒሳቡ መሰረዝም ጭምር ነው።

ለወረፋ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ዘመድ፣ ጉቦና ትውውቅ በር በሚከፍትበት አገር ወረፋ የድሃው ጋሻ ነው፤ ማን ከማን እንደ ቀደመ ሁሉም ስለሚያየው ባለሥልጣን በቀላሉ አያፈርሰውም ይባላል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ድሃውን የሚጠብቀው አካሄዱ በአደባባይ የሚታይ መሆኑ እንጂ ሌሊቱ መባከኑ አይደለም፤ ያለ ሰልፍም በአደባባይ የሚታይ ድልደላ ይቻላል። ዕቁብ ለዚህ የቆየ ማስረጃ ነው፤ የወሩ ብር ለማን እንደሚደርስ በአባላቱ ፊት በዕጣ ይለያል፣ ሐዘን ወይም ሕመም የገጠመው አባል ካለም በስምምነት ቅድሚያ ይሰጠዋል፣ ማንም በዕቁቡ ዳኛ በር ላይ አድሮ ብሩን ሲወስድ ግን አልታየም። ዕጣም ቢሆን ከተደበቀ እንደሚበላሽ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ በኮምፒዩተር ሥርዓቱ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት መሰረዙ አስተምሯል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ማንኛውም ድልደላ ባለመብቶቹ በዐይናቸው ሊያረጋግጡት በሚችሉበት መንገድ መደረግ አለበት የሚለው ነው።

በኩሌ የሚያስፈልገውም ከዚህ የራቀ አይደለም። የእያንዳንዱ የጣቢያው ብሎክ የመቀበያ ቀንና ሰዓት ነዋሪው በሚገባው ቋንቋ አስቀድሞ ቢነገር፣ በቀኑ ያልደረሰ ድርሻው እንደሚቆይለት በተግባር ቢረጋገጥ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን በሕጋዊ ወኪል መቀበል ቢችሉ፣ መጋዘን ያለው ክምችት መጠንም ሥርጭቱ ከመጀመሩ በፊት በአደባባይ ቢለጠፍ፣ ሰው በሌሊት ቤቱን ትቶ የሚወጣበት ምክንያት ይቀንሳል። እነዚህ እርምጃዎች የጎደለውን ምግብ አይሞሉም፤ የጎደለው ግን ፈጥኖ የመጣውን አጥግቦ የዘገየውን ከማስራብ ይልቅ ለሁሉም በመጠን እንዲደርስ ያደርጋሉ። የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎትም ሆነ አጋሮቹ በየወሩ ስንት ኩንታል እንደ ታደለ ሲያስታውቁ ተቀባዮቹ ስንት ሰዓት እንደ ቆሙ አብረው ሊያስታውቁ ይገባል፤ ያልተቆጠረ ሰዓት ማንንም አያስጠይቅምና። ሰልፉ ከንጋት በፊት የጀመረበት ቀን የሕዝቡ ትዕግሥት የሚወደስበት ሳይሆን፣ የሥርጭቱ ኃላፊ ምክንያቱን በጽሑፍ የሚያስረዳበት ቀን መሆን አለበት።